በፌስታል የተጠቀለለው ደረሰኝ

የጉዞ ትእዛዝ የደረሰን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሻምበላችን ካርታውን መኪናው ላይ ዘርግቶ፣ «ከኮረብታው ማዶ ግብር አንከፍልም ብለው የሸፈቱ ሰዎች አሉ። ኮረብታውን ይዘን እንጠብቃለን» አለን። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሽጋችንን ቆፍረን ጨርሰን ነበር።

ይህን የምጽፈው እዚህ ሲያትል ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ታናናሾቼ ነው። ያኔ አገር ቤት ወታደር ነበርኩ፤ አሁን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት በኋላ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። በታሪክ ክፍል ሰሞኑን የተማርነው የዚህ አገር፣ የአሜሪካ፣ ቅኝ ተገዢዎች በግብር ምክንያት እንዴት እንዳመፁ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ከባሕር ማዶ ሆኖ ግብር ጣለ። ሕዝቡ ሳንማከር አንከፍልም አለ። መጀመሪያ አቤቱታ ጻፉ፤ ቀጥሎ ከንጉሡ አገር የሚመጣ ዕቃ መግዛት አቆሙ፤ ንጉሡም ወታደር ላከ። እኔም ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። አብራኝ የምትማረው ሜሮን ግን ባቡር ስንጠብቅ ጽሑፌን አንብባ ፊቷን አጨማደደች።

«ሶ፣ አንተ ሶልጀር ነበርክ አይደል? የሶልጀሮቹ ሳይድ የት አለ? ስኪፕ አደረግከው።»

«መምህሩ የወታደሮቹን ወገን አልጠየቀማ» አልኳት።

«ኦኬ፣ እኔ ጠየቅኩሃ!»

ስለዚህ ወደ ኮረብታው ልመለስ።

ሃያ ሁለት ነበርን። ምሽግ የምጋራው ሙዘይን ከሚባል መትረየስ ተኳሽ ጋር ነበር፤ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነው። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብቻቸውን ወደ እኛ መውጣት ጀመሩ። ሙዘይን «ቁም!» ሲላቸው ቆሙ።

«ቆሜያለሁ ልጄ። ና ብትለኝም ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ውሃ ይዛችኋል ወይስ እናምጣላችሁ?»

ሙዘይን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውሃ የሚያጠጣ ሽፍታ ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

ስማቸው አባባ ወልዴ ነው። ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ የወረቀት ክምር አወጡ። የመንደሩ ሰው ሁሉ የግብር ደረሰኝ ነበር፤ ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ያለው፣ ጠርዙ የተበላው ሳይቀር። በገጠር ደረሰኝ ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ላታውቁ ትችላላችሁ። ገበሬ መሬቱ የራሱ ለመሆኑ ምስክሩ ግብር የከፈለበት ወረቀት ነው።

«አንከፍልም ያልን እኛ አይደለንም» አሉኝ። «ልንከፍል ሦስት ጊዜ ወረዳ ሄደን፣ አንቀበልም ብለው መለሱን። መሬቱን ለሌላ ሰጥተውታል። ዘንድሮ ካልከፈልን በሚመጣው ዓመት ምን እናሳያለን? ይህን ለአለቃህ አሳይልኝ። ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። አደራ፣ ልጄ።»

«ይመለስልዎታል፣ አባባ» አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ሻምበሉ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። «ይህማ ትልቅ ማስረጃ ነው። ለበላይ አቀርበዋለሁ፤ ጠዋት ይመለስላቸዋል። እስከዚያ ሰዉ እንዲረጋ ንገራቸው» አለኝ። ክምሩን በካርታ ቦርሳው ከተተው። እኔም ደስ ብሎኝ ቁልቁል ሮጬ ነገርኳቸው። መርቀውኝ ከኮረብታው ሥር ተሰብስቦ ይጠብቃቸው የነበረውን ሰው ይዘው ወደ መንደር ገቡ።

«ጎሽ! ጦርነቱን በአንድ ፌስታል ጨረስከው» አለ ሙዘይን። እኔም በልቤ እንደዚያ አስቤ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዶዘሮች በሌላ ጦር ታጅበው በታችኛው መንገድ ወደ ማሳው ገቡ። ሻምበሉ ከትናንት ጀምሮ ይጠብቅ የነበረው እነሱን ነው። ሰዉ የተረጋጋው እነሱ እስኪደርሱ ነበር፤ ያረጋጋሁትም እኔ ነበርኩ።

ሕዝቡ ወደ ዶዘሮቹ አልሄደም። ወደ እኛ ወጣ። «ወረቀታችንን!» ይላሉ። አብዛኞቹ ዱላ፣ ጥቂቶቹ አሮጌ ጠመንጃ ይዘዋል። አባባ ወልዴ ከፊት ነበሩ። ሻምበሉ «እንዳይጠጉ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጥይት ተተኮሰ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሁላችንም ተኮስን። እኔም ተኩሻለሁ፤ ወደ ሰማይ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። የሙዘይን መትረየስ ድንገት ዝም ሲል ዞሬ አየሁት። አንገቱ ላይ ተመቷል። «ውሃ» ብቻ አለ። ኮዳዬን ሳወጣ አልፏል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጸጥ አለ። አባባ ወልዴ ከምሽጌ ሠላሳ እርምጃ ላይ ወድቀዋል። ወደ ሻምበሉ ሮጥኩ።

«ሻምበል፣ ደረሰኙስ?»

ካርታውን እያጠፈ ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ደረሰኝ?»

ሦስት ሰዓት ላይ ሙታንን ቆጠርን። ከእኛ ሁለት፤ ሙዘይንና አሥር አለቃ ግርማ። ከእነሱ ዘጠኝ። ከዘጠኙ አጠገባቸው ጠመንጃ የተገኘው ሁለቱ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ ግን ዘጠኝ የታጠቁ ሽፍቶች ተብሎ ተጻፈ።

አስከሬን ለማንሳት ሲፈቀድላቸው የአባባ ወልዴ ልጅ መጣች። አላለቀሰችም። ምሽጋችን ፊት ቆማ ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተች።

«ትናንት ከአባቴ አደራ የተቀበለው የትኛችሁ ነው?»

ጓዶቼ ያውቃሉ። አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም። እኔ ጫማዬን አየሁ። እሷም ነጠላዋን አውልቃ አባቷን ሸፈነች።

ለብዙ ዓመታት ሻምበሉ ከዳኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ ከድቶኛል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ሻምበሉን አያውቁትም፤ ያመኑት የእኔን እጅ ነው። የዚህ አገር ሰዎች አንከፍልም ብለው አመፁ፤ የእኛዎቹ ደግሞ እንክፈል እያሉ አመፀኛ ተባሉ። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ግን አላገኙም። የንጉሡ ወታደሮችም ከመተኮሳቸው በፊት ከማን ጋር እንደተነጋገሩ የታሪክ መጽሐፉ አይነግረንም።

ሜሮን፣ የጠየቅሽኝ ይኸው ነው። ለዚያች ሴት ግን ያልመለስኩላት ጥያቄ አለብኝ። አድራሻዋን አላውቅም፤ ስሟንም አልጠየቅኩም። ዘግይቼም ቢሆን እዚህ ልመልስላት።

የተቀበልኩት እኔ ነኝ።