ከመኪናው ዘይት የተከፈለ ድምፅ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የልጅነቴን ሸዋ ሮቢት ሳስብ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚደርሰው፣ በወንዙ ዳር ድንጋይ የሚሰብሩት ሰዎች መዶሻ ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ ደግሞ በመዶሻው ላይ አንድ ወፍራም የሰው ድምፅ ይደረብበት ነበር፤ የአጎቴ የሳልህ ድምፅ።

ዘመኑ ጣሊያን ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ጀውሃ የሚወስደውን መንገድ የሚያሠራበት ነበር። አጎቴ የማሽላ ገበሬ ነው። ከጥንዶቹ በሬዎች አንዱ ሞቶበት፣ «ሌላ ገዝቼ ሳላጣምድ ክረምት አይግባብኝ» ብሎ መዶሻ ጨበጠ።

በዚያ ሥራ ሰው እንደ ቆዳው ነበር የሚከፈለው። ነጩ ሠራተኛ ከሐበሻው ጎን ተቀምጦ፣ ያንኑ መዶሻ ይዞ፣ ያንኑ ድንጋይ ሰብሮ፣ ደመወዙ የሐበሻው ብዙ እጥፍ ነው። አጎቴ ግን ከመናደድ መቀለድ ይቀናው ነበር።

«የእሱ ድንጋይ ከእኛ ሳይጠነክር አይቀርም» ይል ነበር። «ያለዚያማ እንዴት ይሆናል?»

የቀኑ ደመወዝ በሬ አይገዛም። ተስፋው «የአሱር» በሚሉት ትርፍ ሥራ ላይ ነበር። ከአሱር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የተሰበረው ጠጠር በክምር ይከፈላል፤ ሠራተኞቹም እኩል ይካፈሉታል። ካፖ የሚሉት አለቃቸው አሊዪም ከየክምሩ ኮሚሽን ነበረው። ምጽዋ ሠርቶ ጣሊያንኛ የለመደ የካራቆሬ ሰው ነው።

ታዲያ በይፋት ደቦ አውራጅ አያርምም። ማሳው ዳር ቆሞ ዜማ ያወርዳል፣ አራሚው ይቀበለዋል፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን ከማንም ያላነሰ ይጎርሳል። ሰዎቹ ይህንኑ ልማድ ይዘው መንገድ ሥራ ገቡ። አጎቴ ቀኑን እንደ ሁሉም ሲሰብር ይውልና አሱር ሲደርስ መዶሻውን አስቀምጦ ይነሣል።

«አንተ ጥቁር ድንጋይ ምን ያኮራሃል፣
ነገ ጠጠር ሆነህ ጎማ ይረግጥሃል!»

መዶሻው ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል። ክምሩም ያድጋል።

አንድ ቀን ሲኞር ቤፔ የተባለው ተቆጣጣሪ መጣና በአጎቴ ፊት ቆመ።

«የዚህ መዶሻ የታለ?»

«ቆሞ ነው የሚዘፍነው፣ ሲኞር» አለ አሊዪ።

«መዝፈን ሥራ አይደለም። እስካሁን የተጠራቀመለትም የአሱር ሒሳብ አይከፈለው።»

አሊዪ ለራሱ እንጀራ ፈርቶ «ልክ ነው፣ ሲኞር» አለ።

አጎቴ በማግስቱ አሱር ላይ መዶሻውን እንደያዘ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰብር ጀመር። ማንም አላመፀም፤ ግን መዶሻዎቹ መስማማት ተሳናቸው። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ያወርዳል፣ ሌላው ላቡን ይጠርጋል፣ ሌላው ወገቡን ይዞ ሰማይ ያያል። መግሪብ ሲደርስ ክምሩ የፍየል ቁመት እንኳ አላከለም። የአሊዪም ኮሚሽን አብሮ አጠረ።

«ጋሼ ሳልህ፣ ስለ አላህ፣ አንዲት ስንኝ ያውርዱ!» አለ አሊዪ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሥራ አታስፈታኝ።»

አሊዪ ቢጨንቀው ራሱ አወረደ። ድምፁ ጅብ ያየች አህያ ነበር። ሰዎቹ በሳቅ ብዛት መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ሙሳ የሚባለው ቀልደኛ እንባውን እየጠረገ፣ «ካፖ፣ ኮሚሽንህን እኛው እናዋጣልህ፤ አንተ ብቻ ዝም በልልን!» አለው።

በዚያው ሳምንት አሊዪ አጎቴን አስከትሎ የተቆጣጣሪው ክፍል ገባ። በኋላ ዘመን እየሳቀ ያጫወተንም እሱ ራሱ ነው።

«ያለ እሱ ክምር የለም፣ ሲኞር። ይከፈለው።»

«በየትኛው ደረጃ?» አለ ቤፔ። «ነጭ አይደለም፣ ሾፌር አይደለም፣ መዶሻም አይዝም። የዘፋኝ ደረጃ የለኝም።»

አሊዪ በመስኮቱ ወደ ቆመው መንገድ መዳመጫ መኪና አመለከተ።

«ያ መኪና ያለ ዘይት ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ዘይቱስ መዶሻ ይይዛል?»

ቤፔ ሳቁ አመለጠው። ለመኪና ዘይት ከተመደበው ላይ ቆርሶ፣ የተከለከለውን የአሱር ሒሳብ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ለአጎቴ ግማሽ በሬ ያህል ነበር፤ ቀሪው ግማሽ በሚመጡት አሱሮች ይሞላል።

«አሁን የምከፍልበትን ልስማው» አለ ቤፔ። «እዚሁ ይዝፈን።»

አጎቴ ገንዘቡን በኩታው ጫፍ እየቋጠረ፣ «ተቀባይ ከሌለ አውራጅ የለም በለው» አለ።

ይህ ሲተረጎምለት ቤፔ ቀበቶውን አስተካክሎ ተነሣ። «እኔ እቀበላለሁ!»

አጎቴ ቋጠሮውን አጠበቀና የሰውየውን ባዶ እጆች ረጋ ብሎ ተመለከተ።

«መዶሻው የታለ?»

አሊዪ ይህችን ሳይተረጉም ዋጣት። ከውጭ፣ ሰግደው የተመለሱት ሰዎች መዶሻ ወዲህና ወዲያ እየተምታታ ኳ ኳ ማለት ጀምሮ ነበር። አጎቴ ጆሮውን ወደዚያ አቀና፤ ከዚያም ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል በሩን ገፋ አድርጎ ወጣ።