የቀትር እንቅልፍ በሞስኮ

ድሬዳዋ፣ ማለዳ

ባቡራችን የሚነሳው ሊነጋጋ ሲል ነው። በነሐሴ ድሬ ላይ ሰው እንደልቡ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ለገሃር ሸኚው ከተጓዡ ይበዛል፤ ቅርጫት፣ ሻንጣ፣ የዶሮ ጩኸት፣ የይለፍ ወረቀት የሚመረምር የቀበሌ ጥበቃ። እናቴ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ አስይዛኛለች።

ከእኔ ጋር የጎረቤታችን የሐጂ ዩሱፍ ልጅ ሆዳን አለች። ሁለታችንም ሶቪየት ኅብረት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተናል፤ እኔ ለሕክምና፣ እሷ ለምህንድስና። ሐጂ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ዘመድ አዝማድ ለምኗቸው ልጃቸውን የለቀቁት፣ ከእኔ ጋር አንድ ከተማ እንድትማር ነው። ያ ካልሆነ ትመለሳለች።

«ወሪያ ጌታቸው» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። «እኔ ሩሲያን አላውቅም፤ አንተን ነው የማውቀው። አንድ ከተማ! ካልሆነ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ ሐጂ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ፣ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ። እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ከሁርሶ እስከ አዋሽ

ሁርሶ ላይ ሥልጠና የጨረሱ ወታደሮች ገቡ። አንዱ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ አጠገባችን ተቀመጠና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ነገርነው።

«ታድላችሁ» አለ። እሱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ሳምቡሳውን ለሦስት ተካፈልን። አንጀቴን በላኝ።

ኤረር ላይ በመስኮት ብርቱካን ገዛን፣ አፍደም ላይ የፍየል ወተት ጠጣን። አዋሽ ምሳ ፓስታ ነበር፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ግን በላነው። ሆዳን አቧራው ፊቷን እስኪሸፍነው ከመስኮቱ አልተነሳችም። እኔ ሻንጣዋን፣ ፓስፖርቷን፣ ራሷንም እየጠበቅሁ ነው።

«አቦ ተረጋጋ! የምን ማፍጠጥ ነው?» አለችኝ።

ሞስኮ

አዲስ አበባ ሹራብ ሸምተን በረርን። ሞስኮ ያሳረፉን አሳንሰሩ እያቃሰተ የሚወጣ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። ዳቦው ጥቁር፣ ሻዩ ቀጭን፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ምግብ የምታወጣው ሴትዮ ግን ሆዳን ስትስቅ ባየቻት ቁጥር ጭልፋዋን ትደግምላታለች።

አንድ ቀን አስተርጓሚያችን፣ ቀድሞን የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቁርስ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ጓዶች፣ ከምሳ በኋላ አዳራሽ እንገናኝ። በየከተማው የምትመደቡት ዛሬ ነው። አብሬው ልሁን የምትሉት ሰው ካለ እዚያው ተናገሩ፤ በኋላ ሰሚ የለም።»

እንግዲህ ድሬ ላይ «ከምሳ በኋላ» ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። ምሳ ከተበላ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል፤ ሰው ሽርጡን ታጥቆ ይተኛል። ፀሐይ በረድ ስትል ገላ ተለቃልቆ መውጣት ነው፤ ቀጠሮ የሚባለውም ያኔ ይጀምራል። ሞስኮ ላይ የምትበርድ ፀሐይ ባትኖርም እኔ ሽርጤን ታጠቅሁ። ሆዳንም በሴቶቹ ፎቅ እንደዚሁ።

ተለቃልቀን፣ ቅባት ተቀብተን፣ ደረጃው ላይ ተገናኘን። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ወለል ትወለውላለች። ሌላ ሰው የለም።

አስተርጓሚው እየሮጠ መጣ። «የት ጠፋችሁ? ታማችሁ ነው?»

«ኧረ ተኝተን ነው» አለች ሆዳን። «ከምሳ በኋላ አላልክም እንዴ?»

«ምደባውማ ምሳ እንደተበላ ወዲያው ነበር፤ አለቀ!» አለ ልጁ። እኔ ሌኒንግራድ፣ እሷ ኪየቭ ተመድበናል።

የሐጂ ዩሱፍ እጅ ትከሻዬ ላይ ያለ መሰለኝ። ከአስተርጓሚው ጋር ወደ ምደባው ኃላፊ ቢሮ ሮጥን። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ረጋ ብለው ሰሙን። እሳቸው እንዳሉት ሆዳን ወደ ሌኒንግራድ መምጣት አትችልም፣ ቦታው ሞልቷል። እኔ ግን ሕክምናውን ትቼ ምህንድስና ከመረጥኩ ኪየቭ ይወስዱኛል። እሺ ልል ስል ሆዳን ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ልትል ነው?»

«ለአባትሽ ምያለሁ። ወይ አብረን ነን፣ ወይ ይዤሽ መመለሴ ነው።»

«ሻንጣ ነኝ እንዴ የምትመልሰኝ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «የማልከው አንተ፣ የምማረው እኔ። ሕክምናህን ጥለህ ብትከተለኝ ዕድሜ ልኬን በምን ዓይኔ አይሃለሁ?» ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «ኪየቭ እሄዳለሁ በላቸው። ለአባቴ እኔው እነግረዋለሁ። ይቆጣል፤ ይቆጣ።»

ባቡር ጣቢያው

በማግስቱ ሸኘኋት። የሞስኮ ጣቢያ የእኛን ለገሃር ዐሥር ጊዜ ይውጣል፤ የሚላቀስ ሰው ግን አላየሁም። ሻንጣዋን ሰቀልኩላት። ሹራብሽን አታውልቂ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ስትደርሺ ጻፊልኝ እያልኩ የሐጂን ሥራ ስሠራ ቆየሁ። እሺ፣ እሺ ትላለች።

ፊሽካው ሲነፋ መስኮቱን ታግላ ከፈተችና አንገቷን አወጣች።

«ጌቾ፣ አንተስ? ብቻህን ትችለዋለህ?»

ከድሬ ከተነሳሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አልችልም ማለት አፈርኩ። «ቶሎ ጻፊልኝ!» ብዬ እጄን አወዛወዝኩላት።