ሜዳሊያው ላይ ያለው መብረቅ

ይታወቅ፣ ይጻፍ፣ በየግድግዳውም ይለጠፍ፦ የነሐስ ጉዳይ የበላይ ዳኛ፣ የእውነትና የቅጂ ድንበር ጠባቂ፣ የኪስ አጉሊ መነጽር ባለቤት፣ ቁመታቸው ከበር መቀርቀሪያ ብዙም የማያልፈው፣ ቁጣቸው ግን ጣራ የሚነካው ጋሽ ማኅተም፣ ከዛሬ ጀምሮ የማን አባት ሠራተኛ፣ የማን አባት ውሸታም እንደነበረ ይበይናሉ። ይግባኝ የለም። ይግባኝ ያለው ካለ ሜዳሊያውን ይዞ ይቅረብ፤ ጠርዙ ላይ ይመታለታል።

አንቱታው እዚህ ላይ ያብቃ።

ማኅተም እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ነው የለጠፈበት። በኮቱ የውስጥ ኪስ ጫፏ ላይ «ቅ» የሚል ፊደል የተቀረጸባት ትንሽ የብረት ማኅተም፣ በሌላው ኪስ ደግሞ እጀታዋ ያጠረ መዶሻ ይዞ ነበር የሚዞረው። ቅጂ ነው ያለውን ሜዳሊያ ሁሉ በጠርዙ አቁሞ አንድ ጊዜ ጧ! ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሜዳሊያ ሰው ፊት አይወጣም። በግንባሩ ላይ «ሌባ» ተብሎ እንደተጻፈበት ሰው ከመሳቢያ መሳቢያ ሲንከራተት ይኖራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ትልቁ ድልድይ ሲመረቅ ለሠሩት ሰዎች፣ ለቆፋሪውም ለግንበኛውም፣ አንድ አንድ የነሐስ ሜዳሊያ ተሰጥቶ ነበር። ላዩ ላይ ድልድዩ ከነቅስቶቹ፣ ከሥሩ ወንዙ፣ ከግርጌ የምረቃው ዓመት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መታሰቢያ አከብራለሁ ብሎ ሜዳሊያዎቹ የተመቱባቸውን እነዚያኑ አሮጌ መምቻ ብረቶች ከመጋዘን አወጣና እንደገና አስመታባቸው፤ ዓመቱን እንኳ አልቀየረም። ሁለተኞቹን ለማን ሰጠ? ለሹም፣ ለሹም ዘመድ፣ ለሹም ዘመድ ሾፌር፣ ንግግር ሲደረግ ከሁሉ አስቀድሞ ላጨበጨበ። እንግዲህ ከተማው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሜዳሊያ አለ፤ በላብ የመጣና በጭብጨባ የመጣ። ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው።

ሜዳሊያ ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት በፎቶ አንሺው ጓዳ፣ ፏፏቴ በተሣለበት መጋረጃና በላስቲክ አበባ መካከል ተቀምጠው የሚጨቃጨቁት በዚህ ነበር። ጭቅጭቁን የዘጋው ጋሽ ማኅተም ነው። እሱ ዘንድ «እናቲቱ» የምትባል ሜዳሊያ አለቻ! ከአባቱ የወረሳት፣ በቀይ ከፋይ ጨርቅ ተጠቅልላ የምትኖር፣ ጨርሶ ያልተዳሰሰች። በእናቲቱ ሰማይ ላይ፣ ከመካከለኛው ቅስት አናት እስከ ጠርዙ ድረስ፣ ፀጉር የምታክል ከፍ ያለች መስመር ወጥታለች።

«መብረቅ ነው» ይላል፣ ጣቱን ወደ ጣራ ቀስሮ። «ድልድዩ ሲመረቅ ዝናብ ነበር። ሠዓሊው መብረቁን ሣለው። ቅጂ የሚሠሩት መሃይሞች ግን እንከን መሰላቸውና ከመምቻ ብረቱ ላይ አጠፉት። መብረቅ ያለው እውነተኛ፣ መብረቅ የሌለው ቅጂ። አለቀ!»

«ሰማይ ደርሰህ ያየኸው ነው የሚመስለው እኮ» ይለዋል ከሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ።

«አባቴ ነው ያየው። ከመሐንዲሱ ጎን ቆሞ!»

መብረቅ የሌላቸው ሜዳሊያዎች አብዛኞቹ በመዳሰስ የለሰለሱ፣ አንገት ላይ የዋሉ፣ ሕፃን የጠባቸው ነበሩ። ይህን የሚጠይቅ ሲነሣ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አጭበርባሪ በአሸዋ ያሻቸዋል፣ አሮጌ እንዲመስሉ።» ለሁሉ መልስ ያለው ሰው ከማየት ይሰውራችሁ።

እስከዚህ ድረስ ያው የጡረተኛ ጨዋታ ነው፤ ማንንም አይገድልም። ግን ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ነገር አሰበ። የድልድዩን ሠራተኞች ስም በድንጋይ አስቀርጾ ድልድዩ አፋፍ ላይ ሊያቆም ተነሣ። የሠራተኞቹ መዝገብ በጎርፍ ጠፍቷል። ታዲያ ማን ሠራ፣ ማን አልሠራ በምን ይለይ? የመጀመሪያው ሜዳሊያ በእጁ ያለ ቤተሰብ የአባቱን ስም ያስቀርጽ ተባለ። መርማሪስ? ጋሽ ማኅተም ነዋ! በአንድ ምት ሰውን ከታሪክ የሚፍቅ መዶሻ በእጁ ገባ። ያን ሰሞን አረማመዱ ራሱ ተለወጠ፤ መንገዱ ጠበበው።

በምርመራው የመጨረሻ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከፎቶ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ባለችው ጠባብ ሱቅ የሰፈሩን ሱሪ ስታሳጥር ያረጀች ሴት ናት። ሜዳሊያውን ከጨርቅ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቅስቶቹ ሟሙተዋል፣ ወንዙም ደርቋል ማለት ይቻላል። ሰማዩ ግን ንጹሕ ነበር።

«ከየት አገኙት፣ እትዬ?»

«ከአባቴ አንገት።»

«አባትዎ ምን ነበሩ?»

«ቆፋሪ። የግራ እጁን ጣቶች ምሰሶው ሥር ትቷቸው የመጣ ቆፋሪ።»

ጋሽ ማኅተም በአጉሊ መነጽሩ ሰማዩን ዳሰሰ። «መብረቅ የለውም» አለ።

«የምን መብረቅ?»

አስረዳት፤ በረጅሙ፣ ጣቱን ቀስሮ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባቴ ስለ ጭቃ ነው የነገረኝ። መብረቅ የሚባል ነገር ካፉ ወጥቶ አያውቅም።»

«አባትዎ ላይዋሹ ይችላሉ። የሸጠላቸው ሰው ነው የዋሻቸው።»

«አንተ፣ ማን ይሸጥለታል? በምኑ ይገዛዋል? አንገቱ ላይ ሲያጠልቁለት እናቴ ቆማ—»

ጧ!

ፎቶ አንሺው የማያስፈልገውን መብራት አጠፋ። ልብስ ሰፊዋ ሜዳሊያውን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለች፣ በሩ ላይ ደርሳም ዞር አለች።

«ለመሆኑ ያንተ አባት ስንት ጣት ነበረው?»

«ኧረ አሥሩም ነበሩት! ጢሙን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሳያስበው፤ ካለ በኋላ ነው ምላሱን የነከሰው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ማኅተም ቤቱ ወንበር ላይ እግሩን አንሥቶ ተቀምጦ እናቲቱን በከፋይዋ ያብሳል። ባለቤቱ ከሥሩ ወለሉን ትፈገፍጋለች። ጡረታ እስኪወጣ የሠራው በሲሚንቶ ንጣፍ ፋብሪካ ነበርና የቤቱ ወለል በሙሉ ፋብሪካው የጣለው፣ እሱ ግን በጋሪ ያመጣው ንጣፍ ነው።

«ይኼ መስመርህ ጨርቄን ጨረሰው» አለች። «እያንዳንዷ ንጣፍ ላይ እንደ ጅማት የተገተረው። ስንት ዓመት ስነግርህ!»

«ፎርማው ተሰንጥቆ ነዋ» አለ፣ ዓይኑን ከነሐሱ ሳያነሣ። ይህን ዓረፍተ ነገር በፋብሪካው ለስንት ደንበኛ ተናግሮታል! «ፎርማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና መስመር ሆኖ ይወጣል። አዲስ ፎርማ መስመር አያወጣም። መስመር ያየሽበት ሁሉ መጨረሻ ላይ የተመታ...»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምነው፣ አጥንት ዋጥክ?»

እግሩን ከወንበር አወረደ። ተንበረከከ። እናቲቱን ንጣፉ ላይ፣ ከመስመሩ ጎን አስቀመጣት። መስመርና መስመር። የቤቱ ወለል ዕድሜ ልኩን ከጫማው ሥር ሲነግረው የኖረውን ያን ጠዋት ሰማው። መብረቅ የለም። የተሰነጠቀ መምቻ ብረት ነው። ንጹሑ ሰማይ የመጀመሪያው፣ «መብረቁ» የድጋሚው። «ቅ» ብሎ የመታቸው በሙሉ እውነተኞች ነበሩ፤ ያሳለፋቸው ደግሞ የአጨብጫቢ ልጆች።

ባለቤቱ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ጣለች። ለመረዳት ማብራሪያ አልፈለገችም።

«ተነሣና ለልብስ ሰፊዋ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«ተሳሳትኩ ብለህ! አፍ የለህም? ለመሳደብ ሲሆን መቼ ጠፍቶህ ያውቃል?»

«ድንጋይ ጠራቢው ነገ ይጀምራል። የአባቴ ስም ከላይ ነው።»

«አባትህ መቼ ድልድይ ሠራ? የማዘጋጃ ቤት ተላላኪ አልነበረም? ፋይል ከፎቅ ፎቅ የተሸከመ ሁሉ ድልድይ ሠራ ይባላል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«ከመሐንዲሱ ጎን—»

«ደብዳቤ ሊያቀብል ይሆናላ!»

ጋሽ ማኅተም ተናደደ። ልብ በሉ፣ አፈረ አላልኩም። በመምቻ ብረቱ ተናደደ፣ ስለ ተሰነጠቀ። በማዘጋጃ ቤቱ ተናደደ፣ ዓመቱን ስላልቀየረ። ትንሽ ልጅ ሳለ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ይኼውልህ የላቤ ዋጋ» ባለው በሞተ አባቱ እንኳ ተናደደ። በራሱ ለመናደድ ተራ አልደረሰውም። ኮቱን ለብሶ በሩን በርግዶ ወጣ።

እውነት ለመናገር ነበር የወጣው። ይህን እንኳ አንነፍገውም። ልብስ ሰፊዋ እሁድም ትሠራለች፤ መኪናዋን እየረገጠች አገኛት።

«ደሞ ምኔን ልታትም መጣህ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«እትዬ... ያ የትናንቱ ነገር...»

«እህ?»

መኪናዋን አቆመች። ቀና አለች። የአባቷ ሜዳሊያ በዚያው በጨርቁ ተጠቅልሎ ክር ሣጥኑ ውስጥ ይታያል። ጠበቀች። የፈለገው ቃል አንድ ነበር፤ «ተሳሳትኩ»። ጠራቢው መሮውን ገና አላነሣም፣ ከተማው አልሰማም፣ የሴትዮዋ ፊት እንኳ ሊለዝብ ከጅሎት ነበር። አፉን ከፈተ።

«ሱሪዬ ረዝሞብኛል» አለ።

«ምን?»

«ለምርቃቱ። ሰው ፊት ስቆም መሬት እንዳይጠርግብኝ።»

አየችው፤ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ መርፌዎቹን በከንፈሯ ነክሳ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። የቆፋሪ ልጅ የተላላኪን ልጅ ሱሪ ለካች።

«እግርህን ሰብስብ» አለች በመርፌዎቹ መካከል። «ቀጥ ብለህ መቆም አትችልም እንዴ?»

አጥፋ፣ ተኩሳ ሰጠችው። አንድ ክር አልዛነፈም። አጣማ ብትሰፋለት እንዴት ደስ ባለን! እሷ ግን ሥራዋን የምታከብር ሴት ናት፤ ያም ይበልጥ ያንገበግባል።

ድንጋዩ ተመረቀ። የተላላኪው ስም ከአናት፣ ከሱ ሥር የሾፌር፣ የበር ጠባቂ፣ የአጎት ልጅ፣ የአጨብጫቢ። አካፋ ያነሣ እጅ አንድም የለበት። ጋሽ ማኅተም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክ የወደቀ ሱሪ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ እውነትም ንግግር አደረገ። ባለቤቱ አልመጣችም፤ ራስ ምታት ይዟት ቤት ቀረች፣ እስካሁንም አልተሻላትም። ማኅተሚቱንና መዶሻዪቱን አሁንም ይዞ ይዞራል፤ ማንም ንጹሕ ሰማይ ይዞ ቢቀርብ ይመታል፤ አሁን ግን አይቶ፣ አውቆ፣ ጠንከር አድርጎ ነው።

ድንጋዩ ከግርጌው ባዶ ቦታ አለው፤ ጠራቢው ለአበባ ማስቀመጫ ብሎ የተወው። አበባ ያስቀመጠበት ግን የለም። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ድልድይ የምታልፍ ከሆነ፣ ከፎቶ ቤቱ ሁለት በር እለፍና የቆፋሪውን ስም ከልጁ ጠይቅ፤ አጻጻፉን ፊደል በፊደል ትነግርሃለች። ከዚያ ቤትህ ውስጥ ስለት ያለው መሮ ካለህ፣ ሰው መመላለስ ሳይጀምር በማለዳ፣ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ...