ታንኳዋን የገለበጥሁ እኔ ነኝ

ንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተቀምጬ ከአፌ ጫፍ አድርሼ መልሼ ውጬዋለሁ። ሐሜቴን ተናገርሁ፣ ቁጣዬን ተናገርሁ፣ ጾም መሻሬን ተናገርሁ። በአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ላይ ያደረግሁትን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደበቅሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ እናገራለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከባድ ነገር የደረሰባቸውን፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን የአእምሮ ጤና እንከታተላለን። ድርጅቱን ስጀምር ፈቃድ ልጠይቅ የሄድሁበት ቢሮ ጸሐፊው ሳይቀር፣ ሕፃን ደግሞ ምን ሐሳብ አለው ብሎ ጠይቆኛል። እኔም ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። ቀድሞ በሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርሁ። ቁስላቸው ድኖ ምግብ እንቢ የሚሉ፣ ትኩሳታቸው ወርዶ ግድግዳ ላይ የሚያፈጡ ልጆች አይቻለሁ። በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ምን አለ? ሰው ድርጅቱን ያቋቋምሁት በደግነት ይመስለዋል። ደግነትም ነበረበት። ግን የማወቅ ጉጉቴ ከደግነቴ ይበልጥ ነበር።

ነጃትን ያመጧት እናቷ ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው፤ ቁንዝላ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት። ልጅቷ ከአጎቷ ጋር ከደንገል ሣር በተሠራ ታንኳ ሐይቁ ላይ ሳሉ ታንኳዋ ተገልብጣ አጎትየው ሞተ። እሷን ዓሣ አስጋሪዎች አወጧት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መዝገቧ ላይ የሰፈረው ይህ ብቻ ነበር።

የተቀበለቻት ፋሲካ ናት፣ የምክር ባለሙያችን። ከመካከላችን በሙያው በቅጡ የተማረች እሷ ብቻ ነበረች። ፋሲካ ምንም አልጠየቀቻትም። በሳፋ ውሃ አቀረበችላትና አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ነጃት ለሳምንታት ውሃውን ከርቀት አየችው። ከዚያ አንድ ጣት ነከረች። ከዚያ በኩባያ መቅዳትና መድፋት ጀመረች። አንድ ቀን ውሃ እያፈሰሰች ስታንጎራጉር የሰማች ፋሲካ እንባዋን እየጠረገች ቢሮዬ ገባች።

እኔም በበሩ መስኮት አይቻለሁ፤ ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነበር። ሳፋው ላይ አጎንብሳ ምን ይታያታል? አጎቷ በመጨረሻ ምን አላት? ይህች ትንሽ ልጅ እንዴት ተረፈች? ፋሲካን መቼ እንደምትጠይቃት ጠየቅኋት። እሷ መናገር ስትፈልግ፣ ምናልባትም በጭራሽ፣ አለችኝ። በጭራሽ የምትለዋን ቃል አልወደድኋትም።

ፋሲካ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና መራዊ ሄደች። የዚያን ሳምንት ቀጠሮ ለእናትየው ደውዬ ማስቀረት ነበረብኝ። አልደወልሁም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ለእንግዳ ከሚሸጡት የመጫወቻ ያህል የደንገል ታንኳዎች አንዲቱን መርጬ ገዛሁ። እናትየው ከውጭ አግዳሚው ላይ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ታንኳዋን ሳፋው ውሃ ላይ ሳስቀምጥላት ፈገግ አለች። ከክፍሉ አሻንጉሊቶች ትንሿን ከፊት፣ ትልቁን ከኋላ አስቀመጠችና በጣቷ ገፋ አደረገቻት። ታንኳዋ ሄደች። ደጋግማ ገፋቻት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምን ነበረበት? አላቆምሁም። እጄን ዘርግቼ ታንኳዋን ገለበጥኋት።

"ከዚያስ?" አልኋት። "ከዚያስ ምን ሆነ፣ ነጃትዬ?"

ውሃውን አላየችም። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች።

"እኔ ነኝ። ተነሥቼ ቆምሁ።"

በመጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ ነው። ተናገረች፤ አወቅሁ። ወዲያው ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልብሷም ራሰ። በአራት ዓመቷ፣ በመቆሜ ታንኳዋ ተገለበጠች፣ አጎቴን የገደልሁ እኔ ነኝ እያለችኝ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ማለት የሚያቅተው ሰው ማን ነው? እኔን አቃተኝ። ለምን? እውነት እሷ ትሆን እንዴ ብዬ እያሰብሁ ነበር። ያን ጊዜም እየተመራመርሁ ነበር።

ሱሪዋን ቀይሬ አወጣኋት። እናትየው እንዴት ዋለች ሲሉኝ፣ ውሃ ፈሶባት ነው፣ ደህና ተጫውታለች አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ነጃት ገላዋን መታጠብ እንቢ አለች። ማንጎራጎሯም ቀረ። ፋሲካ ተመልሳ ስትጠራት የበሩን መቃን ይዛ አልገባም አለች። ፋሲካ ግራ ገብቷት እኔ ዘንድ መጣች። ባልነበርሁበት ሳምንት የሆነ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም፤ በአንቺ ቦታ ተቀብያት ነበር፣ ውሃ ተጫውታ ሄደች" አልኋት። መዝገቡ ላይ፣ ባለሙያዋ በቀጠሮዋ ባለመገኘቷ የልጅቷ አመኔታ ፈርሷል ብላ ራሷን ከስሳ ጻፈች። እናትየውንም ይቅርታ ስትጠይቅ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ፋሲካም ዓመት ሳይሞላት ለሕፃናት አልሆንም ብላ ሥራውን ለቀቀች። የስንብት ደብዳቤዋን የፈረምሁት እኔ ነኝ።

ድርጅቱ ሰፋ። ሌሎችን ስለ ትዕግሥት የማሠለጥን ሆንሁ። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ፣ ልጁ የማንሸከመውን ነገር ቢነግረንስ ብላ ጠየቀችኝ። ዕረፍት ነው ብዬ ወጣሁና ለፋሲካ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋት።

"ለእኔ መንገርሽ እኔን ያሳርፈኛል" አለችኝ። "ልጅቷንስ ማን ያሳርፋት?"

በሳምንቱ ቁንዝላ ሄድሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ከሱቃቸው ውስጥ አወቁኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። ነጃት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትናገራለች፣ ትማራለች አሉኝ። ታንኳ ላይ ግን አትወጣም። ደግሞ አንድ ያልገባቸው ጠባይ አላት፤ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ቢሰበር፣ እሷ ጎረቤት እንኳ ብትሆን፣ እኔ ነኝ ትላለች።

ነገርኋቸው። ይለኩ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጡ።

"ጉማሬ ነው የገለበጣቸው" አሉ ቀስ ብለው። "ከዳር የነበሩት ሁሉ አይተዋል። እሷ እንዳትፈራ ብለን ፊቷ አናነሣውም። ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን እነግራት ነበር።"

በየሳምንቱ ከበሩ ውጭ ይቀመጡ ነበር። አደጋው እንዴት ሆነ ብዬ አንድ ጊዜም ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ያህል ማወቅ ስፈልግ የሚያውቁትን ሰው ትቼ ከሕፃን አፍ ልፈለቅቅ ሄድሁ። ይህን ምን ልበለው? ሌላ ስም አጥቼ ጭካኔ ብዬዋለሁ።

ነጃትን ራሷን ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ለመንኋቸው።

"እኔ እናቷ እነግራታለሁ" አሉኝ። "እርስዎ ስትሰማው ምን እንደምትሆን ማየት ይፈልጋሉ። አይደለም?"

እውነታቸውን ነበር፤ የሰጡኝን ወንበር ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ወደ መኪናው ስወርድ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጃገረዶች ዩኒፎርም ለብሰው መንገዱን ሞልተው ይመጡ ነበር። አንዷ እሷ ልትሆን ትችላለች። አንገቴን ደፍቼ በመካከላቸው አለፍሁ።

ባሕር ዳር እንደተመለስሁ መዝገቧን አውጥቼ ከፋሲካ ቃል ሥር የሆነውን በእጄ ጻፍሁና ፈረምሁ። ግልባጩን ለድርጅቱ ቦርድ ሰጥቻለሁ፤ የሚወስኑብኝን እቀበላለሁ። በሚመጣው እሑድም ንስሐ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እናንተን ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እናቷ ሲነግሯት ነጃት ምን አለች? አለቀሰች ይሆን? ወይስ ሳቀች? ዛሬም ማወቅ እፈልጋለሁ። የወይዘሮ ዘሃራ ስልክ ቁጥር አለኝ። አልደውልም።