ይግዛው ደጋ ሲወጣ

ይግዛው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከወሎ ደላንታ ተነሥቶ ከወላጆቹ ጋር ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ ሰፈረ። እዚያው አደገ፤ እዚያው በቆሎና ለውዝ እያረሰ ጎጆ ወጣ። ልቡ ግን ደጋ ቀረ። ሙቀቱ ሲያስመርረው ሸሚዙን አውልቆ ማንጎው ጥላ ሥር ይቀመጥና ለሚስቱ ለእናትነሽ ስለ ደላንታ ያወራላታል፤ ጉሙ ቤት ድረስ እንደሚገባ፣ ውርጩ ሜዳውን እንደሚያነጣው፣ እሱ በዚያ ብርድ በአንዲት ቁምጣ ሲሮጥ ይውል እንደነበር። እናትነሽ አቦቦ የመጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ስለሆነ፣ ብርድ የምታውቀው ወባ ሲይዛት ብቻ ነው።

"አንቺ ቆላ!" ይላታል እየሳቀ። "አንድ ሌሊት ደጋ ብታድሪ አትተርፊም።"

ባለፈው ነሐሴ፣ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ናዝሬት ልትጠይቃቸው መጣች።

"አረሙ አልቋል፤ እስቲ ጥቂት ቀን ዕረፉ። ደላንታ ሩቅ ነው፤ ጎሬና መቱ ግን ቅርብ ናቸው፤ ብርዱም ጉሙም እዚያ አለ" አለቻቸው። ሆቴል ያዘችላቸው፤ ጋትኬክ የሚባለውን ሾፌር ጓደኛዋን ለመነችላቸውና በማለዳ ከጋምቤላ ተነሡ።

የጋምቤላዋን ቦንጋ አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ዝናቡ ወረደ። እናትነሽ ጆሮዋን ያዘች። "ምን ሆንኩ? ደነቆርኩ እኮ!"

"ዳገቱ ነው፣ እትዬ" አላት ጋትኬክ። "እኔም መጀመሪያ ስወጣ በሽታ መስሎኝ ነበር።"

ይግዛው ከፊት ተቀምጦ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ። "አየር ማለት ይሄ ነው!" አለ። የኢሉባቦሯ ቡሬ ሲደርሱ ግማሹን ዘጋው። ጎሬ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

"ይሄ መኪና ማሞቂያ የለውም?"

"አለው መሰለኝ፣ ጋሼ። ግን ጋምቤላ ማን ይከፍተዋል?" ጋትኬክ ቁልፉን ቢያዞረው አቧራ ብቻ ተፋ።

እናትነሽ የሁለቱን ወሬ አልሰማችም። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በጉሙ መሀል ብቅ ጥልቅ የሚለውን የሻይ ተክል ታያለች። "እንዴ፣ ይሄን ሁሉ ተራራ ማነው በመቀስ ያስተካከለው?"

ከመቱ አለፍ ብሎ ካለው ከሶር ፏፏቴ ሲደርሱ ዝናቡ አላባራም። መንገዱ በጫካ ውስጥ ቁልቁል የሚወስድ ጭቃ ነው። ይግዛው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ጥቂት ከተራመደ በኋላ አዳልጦት በመቀመጫው ወደቀ፤ ጉልበቱም ወለም አለው። ጋትኬክ ደግፎ ወደ መኪናው መለሰው።

"አንቺ ሂጂ" አላት ሚስቱን።

"አንተን ጥዬ?"

"ሂጂ ስልሽ! ሁለታችንም ሳናየው ልንመለስ ነው?"

ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከጋትኬክ ጋር ወረደች። እስኪመለሱ ይግዛው መስታወቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ብዙም አላመመውም። ያመመው መንቀጥቀጡ ነበር።

ሆቴሉ ሲገቡ እናትነሽ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቃ አለበሰችው፤ ዝንጅብል የበዛበት ሻይም አስመጣችለት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ደጋው ከሰውነቴ ወጥቷል፣ እናቱ" አለ ቆይቶ። "ያ በብርድ የሚሮጠው ልጅ የት እንደሄደ እንጃ።"

"አድጎ እኔን አገባ፤ የት ይሄዳል?" ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጉልበቱን ማሸት ጀመረች። "አርባ ዓመት በዚያ ሙቀት ስታርስ የኖርክ ሰው፣ ሰውነትህ ለምን አይለምድ? እኛንም ልጆቹንም ያበላን ያ ቆላ አይደል እንዴ?"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

"ፏፏቴውስ?" አለ በመጨረሻ፣ ወደ እሷ ዞሮ።

"ከመታየቱ በፊት ይሰማል" አለችው። "መሬቱ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዛፉ ሲከፈት ውሃው ሳይሆን ጭስ የሚወርድ ይመስላል። ጋትኬክ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ፤ አንዳችን የሌላውን አንሰማም። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ተኮማትረው ልክ እንደ አንተ ብርድ ይዟቸዋል።"

ይግዛው ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለ እንቅልፍ እስኪወስደው አስወራት።

ጠዋት ከመቱ ገበያ ወፍራም ጋቢ ገዝታ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ጠቀለለችው። እያነከሰ፣ እሷ ጃንጥላ ይዛለት፣ ከተማውን ዞሩ። ናዝሬት ደወለች።

"አባዬ፣ ደጋው እንዴት ነው?"

"ይበርዳል" አለ ይግዛው። ከዚያ ወደ ሚስቱ አየት አደረገ፤ አንዲት ባለሱቅ ይዛ ስለ ዝናቡ የባጥ የቆጡን ትጠይቃለች። "እናትሽ ግን ወዳዋለች። በጋ ሲሆን እንደገና ይዣት እመጣለሁ፤ ያኔ እኔም ፏፏቴው ድረስ እወርዳለሁ።"