ለብስክሌት የተቀባ ቅቤ

ከወገዳ ከተማ እስከ ቤታችን በበጋ በብስክሌት አንድ ሰዓት አይሞላም። በክረምት ግን ግማሹን መንገድ እኔ ነኝ ብስክሌቱን የምሸከመው። የዋልካው ጭቃ በፓራፋንጎውና በጎማው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ያኔ ወርዶ በእንጨት መፈልፈል ነው።

የምሠራው ወገዳ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ካልከፈትኩ ሕመምተኛው ዝናብ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ ብስክሌቱ ሁልጊዜ ለጠዋት መድረስ አለበት። ጭቃው ካደረ እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ማታውኑ መታጠብ ይፈልጋል። ውኃ አፈስበታለሁ፣ ቸርኬውን በአሮጌ ጨርቅ አሻለሁ፣ ካቴናውን በጥርስ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ፣ ገልብጬ አንጠፈጥፈዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። በመጨረሻ ካቴናው ላይ ብቻ የሞተር ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። በየቀኑ ይኼው ነው። ሐምሌ ሳያልቅ ብስክሌቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

በፍልሰታ ጾም ሰሞን ቆረጥኩ፤ ወገዳ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ። አንዱን ሰው ቤት ፈልግልኝ ብዬም ነበር። የቀረኝ ለአባቴ መንገር ነው። አባቴ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፍሬኑ ሲጢጥ እያለ ደጃፋችን ደረስኩ። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጅ ተቀምጠዋል። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት፣ «ደከመኝ አባ» ብቻ ወጣኝ።

«ግቢና ጋደም በይ። እኔ አጸዳዋለሁ» አሉ።

ብስክሌት አጽድተው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት በቅሎ ነው። ያላባትን በቅሎ በጭድ ያሿታል፤ ኮርቻ የላጠው ገጣባ ካላት ቁስሉን ቅቤ ይቀቡላታል። ይህን እያወቅኩ ገብቼ ተኛሁ። መጨነቅም አቅም ይጠይቃል።

ጠዋት ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ያብረቀርቃል። ጭቃ የሚባል የለበትም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከቤታችን ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ። ወይ መቆም! እኔንም ይዞኝ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባ። ፍሬኑ የሚነክሰውን ቸርኬ በጣቴ ብነካው ቅቤ ነው።

ክንዴ ተልጦ፣ ነጠላዬ በጭቃ ተለውሶ ተመለስኩ።

«አባ! ሊገድሉኝ ነው እንዴ? ፍሬን ቅቤ ይቀባል?»

«ማታ ስትገቢ ሲጮህ ሰማሁት። ቁስሉ እዚያ ነው ብዬ ነው እንጂ።»

«ብረት ይቆስላል?» ጀመርኩ፣ ማቆምም አቃተኝ። የክረምቱን ድካም ሁሉ እሳቸው ላይ ደፋሁት። ቄስነታቸውንም አባትነታቸውንም ረሳሁ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ከተማ ቤት እያፈላለገች ነው አሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «መንገዱ ከቀለለሽ ትቀሪ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

ቅባቱን የሚያስለቅቅ አመድ ልዘግን ወደ ጓዳ ገባሁ። ለጾሙ መፍቻ ያስቀመጥናት የቅቤ ቅል ተጠርጋ፣ ባዶዋን ተደፍታለች። ሌላ ቅቤ ቤታችን አልነበረም። ክንዴ ሳይሆን ሌላ ነገር አመመኝ። አፈርኩ።

ቸርኬውን በአመድና በሙቅ ውኃ አብረን አሸነው፤ እሳቸው ያፈሳሉ፣ እኔ አሻለሁ። ሥራ አረፈድኩ። ጾሙ ሲፈታ ሽሯችንን በዘይት በላን። «በቅቤውማ በቅሎሽ ጾሙ ሳይፈታ ገደፈችበት» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ዘንድሮ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ማታ ማታ ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል ይሰሙና ውኃና ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ፤ ቸርኬውን ግን ለእኔ ይተዉልኛል። ቤት ስለ መከራየት እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም አላነሳሁ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው። ደክሞኛል፣ በጣም ደክሞኛል። ግን የት እሄዳለሁ?