ባሌ ዐረፍተ ነገር ሲያረዝም

ባሌ ያላመነበትን ነገር ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው መተማ ዮሐንስ ውስጥ የለም። በየሳምንቱ ለጋዜጣ የሚልከውን አስተያየት እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እኔ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እተይባለሁ። ከልቡ ሲሆን አጭር ነው። ኬላው ላይ በፀሐይ ስለሚንገላቱት እናቶች የጻፈ ጊዜ «እኔ አፍሬያለሁ። እናንተስ?» ብሎ ነበር የጀመረው። ከተማው ሁሉ በስልኩ እየተቀባበለ አነበበው፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድን ሹም ያሞገሰ ጊዜ ደግሞ አንዱ ዐረፍተ ነገር ገጽ ሞላ። «ምነው፣ ሰውዬው እስኪሻር አራት ነጥብ አይገባም እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወረደና በአብደራፊ በኩል አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ገባ። ወባ ጣለው። ጓደኞቹ «በትራክተሩ አውጡልን» ብለው ቢለምኑ፣ ባለሀብቱ «ትራክተሬ አምቡላንስ አይደለም» አላቸው። በእንጨትና በጆንያ ቃሬዛ ሠርተው፣ በዚያ ሐሩር እየተቀባበሉ ተሸክመው አስፋልት አደረሱት። ቤቴ ሲገባ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ሻል ሲለው ሁሉንም ለባሌ ነገረው። ባሌ አለቀሰ። ሞት ይርሳኝ፣ እንባውን የጠረገው በእኔ ነጠላ ጫፍ ነው። ወንድሜ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ እኔስ ተርፌያለሁ። እዚያ ያሉት ልጆች ግን አሁንም እያጨዱ ነው። ሰው ሲወድቅ የሚያወጣ አንድ መኪና ይቁምላቸው። ይህችን ይጻፉልኝ።»

ባሌም ልጆቻችን እየሰሙ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለው።

ቅዳሜ ዕለት ባለሀብቱ ባሌን ምሳ ጋበዘው። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲመለስ ግን ጥርሱን እየጎረጎረ «ነገሩን ሚዛናዊ ማድረግ ያስፈልጋል» አለኝ። ኧረ ይብላኝ ለሚዛኑ! መንጎራደድ ጀመረ፣ እኔም መተየብ።

«እንደሚታወቀው፣ ዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶች በሚስተዋሉበት በዚህ የመኸር ወቅት፣ ባለሀብቶች እያደረጉት ካለው ያላሰለሰ ጥረት ባሻገር፣ ከሠራተኞች የግል ጥንቃቄ ጉድለት የሚመነጩ የጤና እክሎች ከመጓጓዣ አቅርቦት ጋር ብቻ ተያይዘው ሊታዩ እንደማይገባ ይታመናል…»

እጄ ቆመ።

«ማነው የሚያምነው?» አልኩት።

«አጻጻፍ ነው፤ ቀጥዪ።»

«አንተ ታምናለህ? ካመንክ እኔ አምናለሁ በልና ልጻፈው። የሚስቴ ወንድም የታመመው በገዛ ጥፋቱ ነው፣ መኪናም አያስፈልግም በል። በአጭሩ!»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም!» ብሎ ጮኸብኝ።

«እንዲህ ተብሎ ግን ይታሰባል?»

ከወንበሬ አስነስቶኝ ተቀመጠና በሁለት ጣቱ እየለቀመ ራሱ ጨረሰው። ደሜ ፈላ። ሌላ ሴት ወዶብኝ ቢመጣ እንኳ እንዲህ የምቃጠል አይመስለኝም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ፤ የባሌ ሆድ ግን ለአንድ ምሳ ወንድሜን ከነጓደኞቹ ዋጠ። ደግሞ ያንን ሁሉ ቃል ሲደረድር አንድም ቦታ «እኔ» አላለም። ቢጠየቅ የሚያስይዘው ቃል የለም።

ጋዜጣዋ ስትወጣ ወንድሜ ቀድሞኝ ገዝቷት መጣ። የባሌን ፎቶ አይቶ ፊቱ በርቷል። ፊደል አልቆጠረምና «አንብቢልኝ፣ እታለም» አለኝ። ምን ላድርግ? እንዳለ አነበብኩለት። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ወይ አማርኛ!» አለ ስጨርስ። «እግዜር ይስጣቸው፣ ደክመውልኛል። ታዲያ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?»

አልቻልኩም። «መኪና አይመጣም» አልኩት። «የታመማችሁት በራሳችሁ ጥፋት ነው ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

ጣቴን የባሌ ፎቶ ላይ አደረግሁ።

ወንድሜ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቀብኝ። «አይ እታለም! አማርኛው ከብዶሽ ነው እንጂ። እሳቸውማ አልቅሰውልኛል።»

ጉልበቱ ገና አልጠናም ነበር። ብለምነውም አልሰማኝ አለ። ለጓደኞቹ የምሥራች ሊያሰማ፣ ጋዜጣዋን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተታትና ወደ አብደራፊ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣ።